በጋችን ክፉ ነው

የሹፌር አፈወርቅ ቅጥቅጥ አውቶቡስ መንዝ ሞላሌ ሲገባ የሚነፋው ክላክስ እንደ ሌላው መኪና ክላክስ አልነበረም። ዜማ ነበረው! ያውም የዚያ የድሮው የቴሌቪዥን ቀልድ፣ የ«እትዬ ድንቄ ግቢ» መክፈቻ ዜማ። ድምፁ ጓሳ ተራራ ድረስ ይሄዳል። ቀይ ቀበሮ አደኑን ትቶ ጆሮውን ያቆማል። አንድ እሑድማ ዲያቆኑ ምስባኩን በዚያ ዜማ ሊጀምረው ለጥቂት ነው የተረፈው ይባላል።

ተክለጻድቅን ግን ያ ክላክስ አንጀቱን ይቆርጠው ነበር።

ምክንያቱም ክላክሱ በተነፋ ቁጥር፣ ከመንገዱ ማዶ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ከሚሸጥበት ሱቅ ወሰንየለሽ ብቅ ትላለች። ነጠላዋን አስተካክላ። ፈገግ ብላ!

ተክለጻድቅ የሞላሌ ዲሽ ሠሪ ነው። አርባ አምስት ዓመቱ ነው። «ሰማይ ላይ ያለ ሳተላይት ሁሉ በስም ያውቀኛል» ይላል፤ ሐሰትም አይደለም። የሞተ ቴሌቪዥን እሱ ጋ ከገባ እንደ አልዓዛር ተነስቶ ነው የሚወጣው። በእሱና በወሰንየለሽ መካከል ግን ስምንት እርምጃ የማይሞላ መንገድ ነበር። ያንን መንገድ መሻገር አቃተው።

ልጆች ሳሉ በሞላሌ አንዲት ቴሌቪዥን ብቻ ነበረች፤ የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ውስጥ። ልጅ አይገባም። ሁለቱ የአባቱን በርኖስ አብረው ተከናንበው በመስኮት ያዩ ነበር። መስተዋቱ ድምፁን ስለሚያፍነው የዘፈኑን ቃል በግምት ነው የያዙት።

«በጋችን ክፉ ነው፣ ግቡ ጎረቤት፤
ሳቅ አይከራይም እትዬ ድንቄ ቤት!»

ክፉ በግ ያለበት ቤት ጎረቤት ለምን እንደሚጠራ አልጠየቁም። የመንዝ ልጅ ስለ በግ ሲዘፈን አይገርመውም። ተክለጻድቅ ሙያ ሊማር ደብረ ብርሃን ወርዶ ቀልዱን በቅርብ ሲያየው ነው ነገሩ የገባው። ለካ ቃሉ «በራችን ክፍት ነው» ኖሯል! ሮጦ ለወሰን ሊነግራት ተነሳ። ሲመለስ ግን ወሰን ተድራለች። ባሏ ከሞተ ይኸው አምስት ዓመቱ ነው፤ ተክለጻድቅም አምስት ዓመት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይበይዳል።

አንድ ረቡዕ ሻይ ሻጯ አመተሥላሴ ብርጭቆውን አስቀምጣለት ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ተክሌ፣ ሰማህ አይደል?»

«ምኑን?»

«ወሰን ያንን ሹፌር ምን ስትለው በጆሮዬ እንደሰማሁ ታውቃለህ! ‹ልጄን ሳምልኝ!› አለችው።»

«ምን?! የማንን ልጅ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ባለፈው ጥቅምት ደብረ ብርሃን ባና ልሸጥ ብላ ሳምንት ቆይታ የለ!»

ተክለጻድቅ ሻዩን ሳያቀዘቅዝ ጨለጠው። ምላሱ ተላጠ፤ እሱ ግን የተሰማው ልቡ ላይ ነው።

በማግስቱ አፈወርቅ ራሱ ክላክሱን ፈትቶ ታቅፎ መጣ።

«ጌታው፣ ይቺ ነገር ሳል ጀምሯታል። ለቅዳሜ አድርስልኝ። የምትጠብቃት ሴት አለች!» ብሎ ጠቀሰው።

ተክለጻድቅ ጥርሱን ነክሶ ተቀበለ። ሰውየው ግን ሲወጣ ማንጎራጎር ጀመረ...

«በጋችን ክፉ ነው፣ ግቡ ጎረቤት...»

በዚህች ምድር ላይ ያንን ቃል የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው! መሳሙንስ ትሳመው፤ ልጁንም ትውለድለት። በጓን ግን እንዴት ትሰጠዋለች? ያቺ በግ የሁለታችን አልነበረችም?

መቁረጫውን አነሳ። ቀጭኑን ሽቦ ከሥር ቆረጠና ክዳኑን ደህና አድርጎ ገጥሞ ለሹፌሩ መለሰለት።

ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ አውቶቡሱ ድምፅ ሳያሰማ መጣ። ገበያው ፀጥ ያለ መሰለ። በጎቹ እንኳ አንገታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ነበር አሉ። ተክለጻድቅ አቀርቅሮ ይበይዳል፤ ደስታው ግን እንዳሰበው አልጣፈጠውም።

ድንገት ጥላ አጠላበት። ቀና አለ።

ወሰንየለሽ ነበረች! መንገዱን ተሻግራ!

«ዛሬ ለምን አልወጣህም?» አለችው።

«ወዴት?»

«ወደ ደጅ! ክላክሱ ሲነፋ ከዚህ ዋሻህ ብቅ ብለህ ታፈጥ የለ?»

«እኔ... አንቺን እኮ ነው የማየው። አንቺ እሱን ስታዪ።»

«እሱን?» ሳቀች። «አፈወርቅን እኮ እንዲነፋልኝ የለመንኩት እኔ ነኝ! ሌላ ጊዜማ መች ቀና ትላለህ? ያንን የተቆጣ ፊትህን ለማየት ነው የምወጣው።»

«ልጁስ? ‹ልጄን ሳምልኝ› ያልሽው?»

«አፈር ብላ! የአፈወርቅን ትንሿን ልጅ ጥቅምት ላይ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። አበልጄ ነው! አበልጅ አበልጁን ያገባል እንዴ?»

ተክለጻድቅን ላብ አጠመቀው።

«በጋችንንስ? ለምን ሰጠሽው?»

ወሰን ቀስ ብላ፣ «ስለ አንተ ስነግረው ነዋ» አለችው። «አንተን ነግሬ በጋችንን እንዴት ልተዋት?»

«ወሰን...»

«አቤት።»

«ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ቀንቼ!»

ሳቋ ሰማይ ያለውን ሳተላይት ሁሉ ነቀነቀው። ስትጨርስ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«አንተ ሞኝ! ትክክለኛውን ቃል ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ። ‹በራችን ክፍት ነው›።»

«እኔም ቆይቶ ገባኝ። አምስት ዓመት ሙሉ በሬን ከፍቼ ቆምኩ። አንተ በግ ፈርተህ ቀረህ!»

«አሁን ብገባስ?»

«መጀመሪያ ክላክሱን ሥራ!» አለችው። ስምንቱን እርምጃ ግን እጁን ይዛው ነው የተሻገረችው።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ተጋቡ። ክላክሱ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ባና ሱቁ ድረስ ሳያቋርጥ ተነፋ፤ ሩቅ ያለችው ቀየት ከተማ ድረስ ተሰማ ቢባል የሚክድ የለም። አበልጅ አፈወርቅም ለሙሽሮቹ ወይፈን የሚያህል የበግ ሙክት ይዞ መጣ። ሙክቱ ሙሽራውን አየት አደረገ፤ ወደ ኋላ ሸሸት አለና ተንደርድሮ መቀመጫውን ወጋው! ተክለጻድቅ በክፍቱ የሱቅ በር ዘልሎ ከነካባው ሙሽሪት እግር ሥር ተዘረጋ።

ወሰን እጁን ይዛ አነሳችውና ወደ እድምተኛው ዞራ በሙሉ ድምፅዋ ዘፈነች።

«በጋችን ክፉ ነው፣ ግቡ ጎረቤት!»