ነጥቦቹ የት ሄዱ?

«ምን አለች?» አለ ንጉሤ ልጁን፣ ሐኪሟ ገና ሳትጨርስ።

ሀሌታ አባቷን ቀና ብላ ማየት ፈራች። አሜሪካ፣ ዳውንታውን ባለ ካዚኖ ቁማር ቤት የእንግዶች መኪና ፓርክ ሲያደርግ ካገኘው ሁሉ ጋር በእንግሊዝኛ ሲቀልድ የኖረ ሰው፣ ስትሮክ ከመታው በኋላ እንግሊዝኛው ድራሹ ጠፋ። የተረፈለት አማርኛ ብቻ ነው። በኮሮና ምክንያት ከአንድ አስታማሚ በላይ ስለማይገባ፣ እናቷ ኤልፍነሽ «አንቺ ተርጉሚለት» ብላ እሷን አስገብታ፣ ራሷ መኪና ውስጥ ቀረች። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እኮ ናት!

ስክሪኑ ላይ የአባቷ አንጎል ይታያል። የተጎዳውን አንጎል እንዲጠግኑ ሐኪሞቹ ለሙከራ የሰጡት የነርቭ ግንድ ሴሎች እጅግ ደቃቅ የብረት ቅንጣት ተጭኖባቸዋል፤ የማግኔት ማሽኑ የሚከታተላቸው በዚያ ብረት ነው፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ባለፈው ወር ጥቁሮቹ ነጥቦች በስትሮኩ የተጎዳውን ቦታ ከበው ነበር። ዛሬ እዚያ ምንም የለም። ራቅ ብለው፣ መሀል አንጎሉ ላይ ተከማችተዋል።

«ለምን እንደሄዱ አላወቅንም» አለች ሐኪሟ በእንግሊዝኛ። «እያደጉም ሊሆን ይችላል። ወይ ጭንቅላቱን ከፍተን ናሙና እንወስዳለን፣ ወይ እንጠብቃለን። ሁለቱም አደጋ አላቸው። መምረጥ ያለበት እሱ ነው።»

ሀሌታን እናቷ መኪና ውስጥ አስጠንቅቃታለች፤ «ክፉ ነገር ከሆነ ትንፍሽ እንዳትዪ! ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ አይነገርም። እሁድ በዙም በቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ፊት ስለ ፈውሱ ሊመሰክር ነው፣ ገባሽ?» ገብቷታል። እነሱ ቤት ሁሌም እንዲህ ነው፤ ሁሉም ሰምቶ ሲያበቃ ነው ባለጉዳዩ የሚሰማው።

«ጥሩ ነው አለች» አለች ሀሌታ።

ንጉሤ በአንድ ጎን ከንፈሩ ፈገግ አለ። «ጌታ ይባረክ! እሁድ... ቆሜ ነው የምመሰክረው።»

ሐኪሟ እየጠበቀች ነው። «የቱን መረጠ?»

ወይ ጉድ! ለካ ነገሩ ዝም በማለት ብቻ አያልቅም፤ ስለ አባቷ ጭንቅላት እሷ ልትወስን ነው። «እንጠብቅ» ብትልና ነጥቦቹ ቢያድጉስ? «ይከፈት» ብትልና አማርኛውም ቢሄድስ? ከዚያ ወዲያ በምን ሊያወሩ ነው?

«ሀሌታዬ፣ ምነው?» አለ አባቷ። ፈገግታው ጠፍቷል።

«አንድ ደቂቃ» አለቻት ለሐኪሟ። ወንበሯን ስባ አባቷ ፊት ተቀመጠች። እማዬ ዛሬ ትገድለኛለች፣ አለች በሆዷ።

«አባዬ፣ ሶሪ፣ ዋሸሁህ። ሴሎቹ ካስቀመጧቸው ቦታ የሉም። ሁሉንም ልንገርህ፤ ከዛ የምትመርጠው አንተ ነህ።»