ከፈረስ የወረደው ተወዳዳሪ

የእንየው ሬሳ የተገኘው ከዘንገና ሐይቅ ገደል ሥር ነው። ከላይ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ኮርቻ የተጫነ ዳማ ፈረስ ብቻውን ሣር ይግጣል። የአገሩ ሰው ሁለቱን አየና «ፈረሱ ጥሎ ገደለው» ብሎ ፈረደ።

መቶ አለቃ ክንዴ ከእንጅባራ ተጠርቶ ከፖሊሶቹ ጋር ሲደርስ ግን ፍርዱ ተለውጦ ጠበቀው። ግራዝማች አዝመራው ከነአጃቢዎቻቸው በበቅሎ ደርሰው ኖሮ፣ ክንዴ ገና ደብተሩን ከቦርሳው ሳያወጣ ጮኹበት።

«አንተ ልጅ፣ ምን ትመረምራለህ? ያደረው ከነጋ ቤት፤ የተቀመጠው በነጋ ፈረስ! ነጋን እሰርና ጨርስ።»

ነገሩ ወዲህ ነው። ዘመኑ የምርጫ ዘመን ነበር። ለአካባቢው ሁሉ የምርጫው ሣጥን የሚቀመጠው ዳንግላ ብቻ ስለሆነ፣ የዘንገና ገበሬ ለመምረጥ እርሻውን ጥሎ መንገድ ላይ ማደር ነበረበት። በዚህ ምክንያት ከተማው ውስጥ ሰው የሞላቸው ግራዝማች አዝመራው ሁልጊዜ ያሸንፋሉ። ዘንድሮ ግን ለየብቻቸው የትም የማይደርሱ ሦስት ተወዳዳሪዎች ተማማሉ፤ አስተማሪው እንየው፣ የዳንግላው ቆዳ ነጋዴ ሽባባውና የዘንገናው ሽማግሌ ባላምባራስ ነጋ። ሁለቱ ለአንዱ ይለቃሉ፤ ሣጥኑም ወደየገበያው እንዲወጣ ሦስቱም በአንድ ወረቀት አቤት ይላሉ። ሽማግሌዎች መክረው እንየውን መረጡ። እንየው በነጋ ቤት አድሮ፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ ዳንግላ ለመሄድ በጧት ተነሣ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አልታየም። አሁን ነጋ ቢታሰር ወረቀቱም ከእሱ ጋር እንደሚታሰር ሁሉም ያውቃል።

ክንዴ ገደሉን ወርዶ ሬሳውን አገላበጠ። ቁስሉ ከማጅራት በላይ ነው። የኮቱ ጀርባ አልተቀደደም። የጫማው ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። ወረቀቱ ከደረት ኪሱ ውስጥ አለ። ተመልሶ ወጣና ፈረሱ ዘንድ ሄደ፤ የእርካቡን ጠባብ የብረት ቀለበት በሁለት ጣቱ አንሥቶ ጥቂት አየውና ለቀቀው።

ወደ ነጋ ግቢ ሲገባ የሟች ሚስት አምሳለ ሽማግሌውን አቁማ ታፋጥጣለች።

«ባሌ አስተማሪ ነበር! ጫማውን አስወልቀው በአንገቱ ያንጠለጠሉለት፣ የአገሩ መሳቂያ ያደረጉት እርስዎ ነዎት! ፈረሰኛ ይሁን ብሎ ማን ለመነዎት?»

«ልጄ፣ ጥሩ ፈረሰኛ ሆኖልኝ ነበር» አሉ ነጋ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ። «ይኸ ፈረስ እሱን አይጥልም።»

«ታዲያ ማን ጣለው?»

ክንዴ ተከትለውት ወደ ገቡት ግራዝማች ዞረ።

«ዛሬ እንየውን አይተውታል?»

«መንገድ ላይ አገኘሁት። ሰላም አላለኝም፤ ከፈረሱም አልወረደልኝም። ብላቴና! እነዚህን ጠይቅ» አሉ አጃቢዎቻቸውን እያመለከቱ። «አፉን ከፍቶ ሳቀብኝ እንጂ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«‹ሣጥን ተሸክመህ ገበያ ለገበያ ስትዞር ያሳየኝ› አልሁት። ይኸም ወንጀል ነው?»

በዚህ መሐል ሽባባው ላቡን እየጠረገ ገባ። ወሬውን ዳንግላ ሰምቶ በጭነት መኪና እንደ መጣ ተናገረ። ሬሳውን እንዲያይ ቢጠየቅ እጁን አወናጨፈ።

«እኔ ሬሳ ማየት አልችልም። ምኑ ይታያል? ጫማው እርካቡ ውስጥ ተቀርቅሮ ፈረሱ ጎትቶት ነው። የተማረ ሰውና ፈረስ ምንና ምን ናቸው?»

«ፈረስ ያውቃሉ፣ አቶ ሽባባው?»

«እኔ የማውቀው ቆዳውን ነው፤ መቀመጡን ለባላገር ትቻለሁ።»

ነጋ ቀና አሉ። አንዳች ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ክንዴ በዓይኑ ያዛቸው። ፈረሱ ወደ ግቢው እንዲመጣና ሁሉም እንዲሰበሰብ አዘዘ።

«በመጀመሪያ» አለ ክንዴ፣ «ፈረስ የጎተተው ሰው ኮቱ ይቀደዳል። ይኸ አልተቀደደም። ሁለተኛ፣ እንየው ሲጋልብ ጫማውን በአንገቱ ያንጠለጥል እንደ ነበር ወይዘሮ አምሳለ ነግረውናል። ሲሞት ግን ጫማው በእግሩ ነበር፤ ያውም በደንብ ታስሮ። ስለዚህ ከፈረስ አልወደቀም። በፈቃዱ ወርዷል።»

«ወርዶስ? ሽማግሌው ጠብቆት ይሆናላ!» አሉ ግራዝማች።

«ይጠብቁኝ ግራዝማች። ሰው ለሰላምታ ብቻ ቢወርድ ጫማ አያስርም፤ ሰላም ብሎ ተመልሶ ይቀመጣል። እንየው ጫማውን ያሰረው ከአንድ እግረኛ ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ስለፈለገ ነው። ለእርስዎ አልወረደም፤ ምስክሮቹ የራስዎ ሰዎች ናቸው። የወረደው ለወዳጅ ነው።»

አምሳለ ወደ ነጋ ዞረች። ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ባላምባራስም ወዳጅ ናቸው» አለ ክንዴ። «ነገር ግን ገዳዩ አንድ ነገር አያውቅም ነበር። ፈረሱን አፋፉ ላይ ትቶ ‹ወደቀ› ሊያሰኝ ያሰበው ሰው ፈረሰኛ ቢሆን ኖሮ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሟቹን ጫማ ያወልቅ ነበር። አቶ ሽባባው፣ እባክዎ ወደ ፈረሱ ይቅረቡ።»

«ለምን?»

«ጫማዎን እርካቡ ውስጥ ያስገቡት።»

ሽባባው ሳቀ። ቀርቦ እግሩን አነሣ። የጫማው አፍንጫ ቀለበቱን ነክቶ ቆመ። ገፋ፤ አልገባም። ደግሞ ገፋ። ከገበሬዎቹ አንዱ፣ «ኧረ እሱ ለእግር አውራ ጣት ብቻ ነው ጌታው!» አለ።

«አዎ፣ ለአውራ ጣት ብቻ ነው» አለ ክንዴ። «ይህን እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ግራዝማችም፣ ባላምባራስም። ‹ጫማው እርካብ ውስጥ ተቀረቀረ› ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሬሳውን ሳያይስ ጫማው በእግሩ መሆኑን ከየት አወቀ? የምንጠይቀው ካለ ከዳንግላ አመጣኝ ያለውን ሾፌር ነው።»

ሽባባው እግሩን አወረደ። ማንንም አላየም።

«እንጅባራ ነበር ያደርሁት» አለ በመጨረሻ። «በጧት መንገድ ላይ ጠብቄ ‹ልቀቅልኝ› ብዬ ለመንሁት። የከተማው ሰው እኔን ነው የሚያውቀው። እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ ‹እየሄድን እናውራው ወንድሜ፣ ሽማግሌ የቆረጠውን ግን አላፈርስም› አለኝ። ጎንበስ እንዳለ... ድንጋዩ ከእጄ ነበር።»

አምሳለ ጮኸች። ፖሊሶቹ ሽባባውን ሲወስዱት ግራዝማች በቅሎአቸው ላይ ሆነው ጥርሳቸውን አሳዩ።

«ሦስት ነበራችሁ፤ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ገደለ። ነጋ፣ አንተ ብቻህን ምን ታደርጋለህ? ሣጥኑ ከዳንግላ አይነቃነቅም!»

ክንዴ ወረቀቱን ለነጋ ሰጣቸው። «ነፃ ነዎት» አላቸው።

ሽማግሌው ወረቀቱን ዘርግተው የሦስቱን የጣት አሻራ ተመለከቱ። «ሣጥኑ ይምጣ ያልነው ለሦስታችን ነበር እንዴ?»

አምሳለ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ምድጃው ዳር ከተደፋው ድስት ቂጥ ጥቀርሻ በአውራ ጣቷ ጠቀሰችና ከባሏ አሻራ ጎን ተጫነች። «እኔም መራጭ ነኝ» አለች ነጋን ሳታይ። ከኋላዋ አንድ ገበሬ ወደ ድስቱ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ሌላው።

ነጋ ወረቀቱን ከደረታቸው ከተቱ። ባዶ እግራቸውን አንሥተው አውራ ጣታቸውን ከእርካቡ ቀለበት ሰክተው ፈረሱ ላይ ወጡ፤ የግራዝማችን በቅሎ ታከው አለፉና የዳንግላን መንገድ ያዙ።