ጨው ውስጥ የቀረ ፕላቲነም

ወልደየስ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ልጁ ናዝራዊት፣ አባይነህን ፍለጋ ዳውንታውን ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ሄደች። አባይነህ አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበር፤ ዴንቨር ግን ከልምዱ ሁሉ የፈለገችው ትኬት መቁረጡን ብቻ ነው። በቀን ሁለት መቶ መኪና ያልፈዋል፤ መስኮት ዝቅ አድርጎ ሰላም የሚለው ሁለት ቢገኝ ነው።

«ጋሽ አባይነህ፣ ፖሊስ አባቴን ራሱን ገድሏል ሊል ነው። እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ቄስ ኢሳይያስ ፍትሐት አይደረግለትም ብለዋል።»

«ራሱን ገደለ ያለው ማነው?»

«አለቃው ነዋ። ብቸኛ ነበር፣ ዲፕረስድ ነበር ይላል።»

«ብቸኝነት ማስረጃ ከሆነማ እኔም ከሞትኩ ቆይቻለሁ» አለ ግሌንዴል ውስጥ ለብቻው የሚኖረው አባይነህ፣ ኮቱን እያነሳ።

ወልደየስ ይሠራበት የነበረው ላቦራቶሪ ኦሮራ ውስጥ፣ ከጎማ መጋዘን ጀርባ ነው። ባለቤቱ ዶክተር ስለሺ ሐበሻ ብቻ ይቀጥራል፤ «ዶክተር» ብሎ እንደሚገባ ጎንበስ የሚልለት ፈረንጅ አላገኘም። ሥራው ያገለገለ የኒውክሌር ነዳጅን ወደ ብረት መመለስ ነው፤ ለሙከራው ግን በነዳጁ ፋንታ ያልነደደ የዩራኒየም ኦክሳይድ ይጠቀማሉ። ኦክሳይዱ በቅርጫት ሆኖ በስድስት መቶ ሃምሳ ዲግሪ በቀለጠ ጨው ውስጥ ይጠልቃል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ኦክስጅኑ በፕላቲነም ዘንግ በኩል ይወጣል፣ ብረቱ ቅርጫቱ ውስጥ ይቀራል። ጨውን ከአየር የሚጠብቀው አርጎን ሽታ የሌለው ጋዝ ነው፤ አፈትልኮ ክፍሉን ከሞላ ሰው መታፈኑን ሳያውቅ ይወድቃል። ወልደየስ የወደቀው እንዲያ ነው።

አባይነህ ከናዝራዊት ጋር የሟቹን ዕቃ ሊያወጣ ነው ተብሎ ገባ። ኦክስጅን ሲያንስ የሚጮኸው ደወል ሶኬቱ ላይ ተሰክቷል። መሞከሪያውን ቢጫነው ሕንፃው በጩኸት ተናወጠ።

«በስመ አብ!» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ ብርቅነሽ።

«ያን ቀን ጮኾ ነበር?»

«ኧረ ጭጭ ነው ያለው! ሳምንቱን ሙሉ በሆነ ባልሆነው ሲያንባርቅ ከርሞ። ከግድግዳው ማዶ ሳጸዳ ውዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብገባ ወድቋል። ምድጃውም ጠፍቷል።»

ቴክኒሺያኗ ሪሃብ ምድጃው ላይ አቀርቅራ ነበር። ጨው ነጭ ድንጋይ ሆኗል፤ የፕላቲነሙ ዘንግ እስከ ወገቡ ተቀብሮበታል።

«ጋሼ ወልደየስ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይሄን ነው» አለች። «ምድጃ ሳታጠፊ ፕላቲነሙን አውጪ፣ ጨው ሲረጋ ይነክሰዋል ይለኛል። ጠዋት ጠዋት ሰላም ይለው ነበር እኮ፣ ዘንጉን።»

«ምድጃው የሚጠፋበት ቁልፍ ማን ጋ አለ?»

«እሱ ጋ፣ እኔ ጋ፣ ዶክተር ጋ።»

ስለሺ በሩ ላይ ቆሟል። «አቶ አባይነህ፣ ይህ ፓርኪንግ አይደለም።»

«አይደለም ዶክተር፤ እዚያ የገባ የወጣው ይታወቃል። እርስዎ ያን ቀን የት ነበሩ?»

«ጠዋት እንግዶች አስጎበኘሁ፤ ምሳ ልጋብዛቸው ዳውንታውን ወሰድኳቸው። አልተመለስኩም።»

አባይነህ ሁሉንም ምድጃው ዙሪያ ሰበሰበ።

«ደወሉ ደህና ነው፤ ግን አልጮኸም። ስለዚህ ወልደየስ ሲታፈን ተነቅሎ ነበር። ዛሬ ተሰክቷል። ሊሞት የፈለገ ሰው ደወል ይነቅል ይሆናል፤ ሞቶ ግን መልሶ አይሰካም። ከሞተ በኋላ ሰው ገብቷል። ፕላቲነሙ ጨው ውስጥ ቀርቷልና ምድጃውን ያጠፋውም ወልደየስ አይደለም፤ ያው ሰው ነው። ብርቅነሽ ቁልፍ የላትም። ሪሃብ ብትሆን ፕላቲነሙን ሳታወጣ አታጠፋም፤ እጇ እሺ አይላትም። ቁልፍ ኖሮት ሥራውን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል።»

ስለሺ ወንበር ፈለገ።

«ደወሉ እንግዶቹ ፊት አላናግር አለኝ… ነቀልኩት። ረሳሁት። ከምሳ ስመለስ ወድቋል። ደነገጥኩ፤ ምድጃውን አጠፋሁ፣ ደወሉን ሰካሁ። ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፣ ማን ይጠይቃል ብዬ…»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ!» አለች ናዝራዊት።

አባይነህ ስልኩን ለስለሺ ዘረጋለት። «መጀመሪያ ለቄሱ፣ ቀጥሎ ለፖሊስ።»

ስለሺ ያንኑ ለቄሱ ደገመላቸው። ከዚያ ስልኩ ናዝራዊት ጋ ደረሰ።

«ቅዳሜ ፍትሐቱን እናደርሳለን፣ ልጄ» አሉ ቄስ ኢሳይያስ። «አዳራሽ ልያዝ ወይ? ስንት ሰው ይመጣል?»

ናዝራዊት ዙሪያዋን አየች። ሪሃብ ጣቷን አወጣች። ብርቅነሽም። አባይነህ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አራት ነን» አለች።