ያልቀለጠው ቸኮሌት

የሰርኪዩት ንድፍ አውጪው ወርክሾፑ ውስጥ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በጎኑ ወድቋል፤ መነጽሩ ግን ጠረጴዛው ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። የገደለው ኤሌክትሪክ ነው። አንድ የተላጠ ሽቦ ከጠረጴዛው የብረት እግር ጋር ተነካክቷል፤ እንዲህ ካለው አደጋ የሚጠብቀው የግራውንድ ሽቦም ከብሎኑ ወልቋል። አንዱ ፖሊስ አደጋ ነው ብሎ ሊጽፍ ብዕር ሲያነሳ፣ መርማሪዋ «ቆይ እስቲ» አለች። ይህ ቃል ከአፏ ስለማይጠፋ ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «ቆይ እስቲ» እያሉ ነው የሚጠሯት።

ብሎኑ ላይ አዲስ የመፍቻ ጭረት አለ። ሽቦውን አጥብቆ የሚይዘው ዳዶ ግን ወለሉ ቢፈተሽም አልተገኘም። ዳዶ ደግሞ ራሱን ፈቶ አይሄድም።

በዚያ ከሰዓት ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ቢሮውን የምትመራው የሟቹ ሚስት፣ አብሮ አደጉና ሸሪኩ፣ እንዲሁም ሟቹ ሙያ ያስተማራት ወጣት። ሸሪኩ ኮቱን አውልቆ ለሚስትየዋ ደርቦላታል፤ እሷም ትከሻው ላይ ተደግፋ ታለቅሳለች። ወጣቷ ብቻዋን ጥግ ይዛ ቆማለች። በመጨረሻ ከወርክሾፑ ስትወጣ የታየችው እሷ ናት፤ ከዚያ በኋላ ዕቃ ቤት ነበርኩ ማለቷም ለማንም አልተዋጠለትም። ኪሷ ሲፈተሽ ዳዶዎች ሲገኙማ ፖሊሶቹ በዓይናቸው ካቴና አጠለቁላት።

«ይሄ ምንድነው?» አለቻት መርማሪዋ።

«እዚህ ቤት የተፈታ ዳዶ ጠረጴዛ ላይ አይተውም። ሰርኪዩት ላይ ከወደቀ ያቃጥላል። ጋሼ ሁላችንንም ኪስ መክተት አስለምደውናል።»

መርማሪዋ አንድ በአንድ ለካቻቸው። ለብሎኑ የሚሆን አልነበረም።

ስለ ሥራቸውም ጠየቀቻት። ለሆስፒታል መሣሪያዎች የመረጃ ማከማቻ ዲስክ ነው የሚሠሩት። የዲስኩ ሰርኪዩት ምት አለው፤ ምቱ ሲፈጥን የተጠየቀውን ቶሎ ያቀርባል፣ ግን ኃይል ይበላል፣ ይግላል። ሲያዘግም ባትሪ ይቆጥባል፣ ግን ያስጠብቃል። ሥራ ሲመጣ አፍጥኖ፣ ሥራ ሲያልቅ አዝግሞ ሁለቱን ማስታረቅ የሟቹ ጥበብ ነበር።

«ታዲያ ይሄ ምን ያጣላል?»

ወጣቷ እንባዋን ዋጠች። «ትናንት ጋሼ ጉድ አገኙ። ሰርኪዩቱ ሲፈተን ብቻ እንዲፈጥን ተደርጓል። በሽተኛው ጋ ሲደርስ ይተኛል። ለሆስፒታሉ እናገራለሁ ብለው ነበር።»

«ያንን ዘዴ ሰርኪዩቱ ውስጥ ማስገባት የሚችለው ማነው?»

«እኔ ወይም ሸሪካቸው።»

ራሷን ማስቀደሟ መርማሪዋን ደስ አሰኛት።

ሸሪኩ በበኩሉ ከምሳ በኋላ ፎቅ ላይ ካለው የፍተሻ ክፍል ንቅንቅ አላልኩም አለ። ዲስኩን በሙሉ ፍጥነቱ ሲያሠራ ውሏል፤ የወረደውም ጩኸት ሲሰማ ነው። ረጋ ብሎ ነበር የሚናገረው፤ ሚስትየዋም እውነት ነው እያለች ታግዘዋለች።

መርማሪዋ ፎቅ ወጣች። በዲስኩ የብረት ክዳን ላይ ቁራሽ ቸኮሌት ተቀምጧል። ነገሩ ምን እንደሆነ ስትጠይቅ ወጣቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ጋሼ ከመለኪያ ሁሉ ቸኮሌት ነበር የሚያምኑት፤ ምቱ ሲፈጥን ክዳኑ ይግላል፣ ቸኮሌቱም ይቀልጣል። ከምሳ በኋላ አንዱን ለሁለት ከፍለው ግማሹን እዚያ አኖሩ፣ ግማሹን ለእሷ ሰጧትና ሚስታቸው ቢሮ ገብተው ጥቂት ተቀመጡ። ሸሪካቸው ይህን ልማድ የሕፃን ጨዋታ ይለዋል፤ ስቆበት ስቆበት አሁን ማየቱንም ትቷል።

መርማሪዋ ሁሉንም ፍተሻ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሲያሠሩ የዋሉት ይሄንን ነው? በሙሉ ፍጥነቱ?»

«ነገርኩዎት እኮ» አለ ሸሪኩ።

«እስቲ አሁንም ያስነሱት።»

አስነሳው። ጥቂት ቆይቶ የቸኮሌቱ ጠርዝ አብረቀረቀ፣ ጎበጠ፣ ከዚያም ክዳኑ ላይ ተንጣለለ።

«እኔ ሳገኘው ጠርዙ እንደተቆረሰ ነበር፤ የታተመበት ጽሑፍ እንኳ ይነበባል» አለች መርማሪዋ። «ቀልጦ የረጋ ቢሆን ያ ሁሉ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ዲስኩ ተኝቶ ነው የዋለው፤ እርስዎም እዚህ አልነበሩም። ሟቹ ቢሮ ሳሉ ጠረጴዛቸው አጠገብ ማንም አልነበረም። ያኔ ሽቦውን ልጦ ግራውንዱን የፈታው ሰው የዚህ ቤት ሰው ነው፤ እጁ እንደለመደው ዳዶውን ኪሱ ከቷል።» ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «እስቲ የደረቡትን ኮት ኪስ ይዩት።»

ሚስትየዋ እጇን ሰደደች። ያወጣችውን ዳዶ መርማሪዋ ከታች ፈትታ ካመጣችው ብሎን ጋር አገጣጠመችው፤ ልክ ገባ።

ሸሪኩ ግድግዳውን ተደገፈ። «ትናንት ማታ ጠርቶኝ ነበር» አለ። «ለሆስፒታሉ ገና አልተናገርኩም፣ ራስህ ሂድና ንገራቸው፣ ስምህ አይጥፋ አለኝ። እስከ ነገ ጊዜ ሰጠኝ።»

«ጊዜ ሰጠህ» አለች ሚስትየዋ። ድምፏ እንደ ሹክሹክታ ነበር። «አንተ በጊዜው ይሄን ሠራህበት። እኔ ደግሞ ወንድሜ ብዬ ትከሻህ ላይ ሳለቅስ ዋልኩ።»

ኮቱን ከላይዋ አውልቃ እግሩ ሥር ጣለችው። ከዚያም ቀኑን ሙሉ ዞር ብላ ካላየቻት ወጣት አጠገብ ሄዳ እጇን ያዘቻት። ክፍሉ ይበርድ ነበር፤ ኮቱን ግን ማንም አላነሳውም።