ከአርባው ፊት የተጨመረችው አንድ

የዚያን ዕለት ጠዋት ልጅቷ ታላቅ እህቷ ቤት ውስጥ እንዳለች በሩን ቆልፋባት ሄደች።

ቢሮ እንደደረሰች ስልኳ ጮኸ።

«አንቺ! ቁልፉን ይዘሽ የት ጠፋሽ? ደግሞ ምን ነካሽ ሰሞኑን?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ» አለች። አልዋሸችም፤ ለራሷም ግራ ገብቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቷ ለአምቡላንሶች አዲስ ሬዲዮ ይሠራል፤ አብዛኛውን ሥራ ሶፍትዌር የሚሠራለት ሬዲዮ። ሶፍትዌሩን የቱ ይሸከመው በሚለው ላይ ግን ሁለት ወር ሙሉ ክርክር ነበር። ፕሮግራመሯ እሷ፣ «ተራው ፕሮሰሰር ይበቃል» ባይ ናት። የሚከራከራት ልጅ ደግሞ ኤፍፒጂኤ የሚባለውን፣ ውስጡ ለአንድ ሥራ ብቻ ተብሎ የሚዋቀረውን ቺፕ ሊያዋቅር በኮንትራት የመጣ ባለሙያ ነው። ፕሮሰሰሩ ከተመረጠ የእሱ ሥራ እዚያው ላይ አበቃ።

እንደ አይጥና ድመት ሲናከሱ ከረሙ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፣ እሱ ሳይከራከራት የዋለ ቀን ምሳ አልበላ ይላት ጀመር።

ትናንት ፕሮሰሰሩ የሚለካበት ቀን ነበር። እሱ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ በሬዲዮው ተናገረ፤ እሷ ከወዲህ ሰማች። ድምፁ ከመቶ ሚሊሰከንድ በላይ ከዘገየ ፕሮሰሰሩ ወደቀ ማለት ነው። አርባ ሆነ። አሸነፈች። ቀና ስትል በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ ብሎ ያያታል። ሪፖርቷን ስትጽፍ ከአርባው ፊት አንድ ጨመረችና መቶ አርባ አደረገችው።

ዛሬ አለቃቸው ሁለቱንም ጠሯቸው። የእሷና የእሱ ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ናቸው።

«እኔን ልታሳብዱኝ ነው? አንቺ የሱ ቺፕ ይመረጥ ትያለሽ። እሱ ያንቺ ፕሮሰሰር ይመረጥ ይላል። ሁለት ወር ጆሮዬን የበላችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

ልጅቷ ክው አለች። የእሷን መረጠ? መሄድ ፈልጎ ነው? ሰልችታው ነው?

«ደግሞ እሱ አርባ፣ አንቺ መቶ አርባ። ማነው የተሳሳተው?»

እሱ ዞር ብሎ አያት።

«ምናልባት እኔ እሆናለሁ» አለ።

ግራ መጋባቷ ባሰ። ይህ ሰው በአንዲት ቁጥር ሲቀልድ አይታው አታውቅም። ዝም ካለች ይቀራል። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

እስክሪብቶ አነሳችና አንዷን ሰረዘቻት።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ሆን ብዬ ነው።»

«ለምን?»

«እንዳይሄድ።»

አለቃው ቀና ብለው አዩዋት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሪፖርቱን እንደገና ጻፊ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳላይ። አንተ ዓርብ ትጨርሳለህ። አሁን ውጡልኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆሙ።

«ዝም ብትይ እኮ እቀር ነበር» አለ።

«አምቡላንስ ነው። በውሸት ቁጥር አይሆንልኝም። አንተስ? ፕሮሰሰሩን የመረጥከው መሄድ ፈልገህ ነው?»

«አርባ ስለሆነ ነው።»

«በቃ?»

«በቃ።»

እንባዋ መጣ። ለዚህ ነው ራሷን ያዋረደችው? ልትሄድ ስትል እጇን ያዘ።

«ሪፖርቱን የጻፍኩት አርባ ስለሆነ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አለቃ ፊት ‹እኔ እሆናለሁ› ያልኩት ግን ላንቺ ብዬ ነው።»

ስልኳ ጮኸ። ስታነሳው የእህቷ ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው።

«ምንድን ነው የሆነችው?» አለ እሱ።

«እህቴ ናት፤ ቤት ቆልፌባት መጥቼ።»

«ለምን?»

«አንተን ሳስብ።»

ሳቀና ጃኬቱን አነሳ። «ነይ፣ እንክፈትላት።»

እህቷ በመስኮት ብቅ ብላ ትጠብቅ ነበር። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመጡ አየች።

«አንቺ ልጅ!» ብላ ጮኸች። «ቁልፍ አምጪ ብልሽ ሰው ይዘሽ መጣሽ?»