አሲድ የጠጣው ዛፍ

ምስማር ጓደኛዋን አፏ ላይ በቡጢ መታቻት። ጀሪካኑ ከልጅቷ እጅ አምልጦ ወደቀ፤ የባትሪ አሲዱ የዛፉ ሥር ላይ ፈሶ አፈሩ አረፋ ደፈቀ።

«አበድሽ እንዴ?» አለች ፍሬን። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ አገጯ ላይ ወርዷል።

«እኔ ነኝ ያበድኩት? ይህን ማፍሰስ ከጀመርሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

ፍሬን ወደ አጥሩ ዞራ አየች። ከመናገሯ በፊት ስለምታመነታ፣ አባቷም ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ጋራዥ ከፍቶ እዚያው የሚኖር መካኒክ ስለሆነ ነው ልጆች «ፍሬን» ያሏት። ምስማር ደግሞ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ እጇ ከአፏ የሚቀድም ልጅ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደጉት።

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ምስማር የአንዷን ተማሪ ጥርስ አወለቀች። ዳይሬክተሩ ሊያባርሯት ሲሉ የስፖርት መምህርቷ «ለእኔ ይስጡኝ» አለቻቸው። በየጠዋቱ ከሰባት ልጆች ጋር ዮጋ እንድትሠራ፣ እጇን ካነሳች ግን እንድትባረር ተፈርዶባት ቀረች።

መጀመሪያ ሳቀች። ሞት ቀርቶበት የሚያውቅ ያለ ይመስል፣ እንደ ሬሳ እየተጋደሙ መለማመድ ምን ይሉታል? ሣሩ ላይ ስትጋደም ግን ቆርኪና የላስቲክ ስባሪ ወጋት፤ ለጀርባዋ ስትል ለቀመችው። በሳምንቱ ማንም ወደማይጋደምበት ጥግ ሄዳም ለቀመች።

የከፋው በአንድ እግር መቆሙ ነበር። «ዓይናችሁን አንድ ነገር ላይ ትከሉ፤ አትወድቁም» ትላለች መምህርቷ። ምስማር አጥሩ ጥግ ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ አንድ ጉጥ መረጠች። ሁለት ወር ሙሉ ስታፈጥበት ቅርፊቱን ከእናቷ ፊት አብልጣ አወቀችው፤ ጉንዳኖቹ በየት ወጥተው በየት እንደሚወርዱ ሳይቀር።

መካኒኩ ይህን አላሰበም። ዛፉ ቅርንጫፉን በአጥሩ ላይ ዘርግቶ የጭነት መኪና ወደ ጋራዡ አላስገባ ብሎታል። በጠራራ ፀሐይ ቢቆርጠው ሰው ይጮሃል። ስለዚህ ግንዱን ከሥሩ በመሰርሰሪያ በስቶ፣ በልጁ እጅ አሲድ ያስጠጣው ጀመር። ቀስ ብሎ ሲደርቅ በሽታ ነው ይባላል። ዛፍ ደግሞ ማን ልብ ብሎ ያያል? ስምንት ልጆች በየማለዳው በአንድ እግር ቆመው እንደሚያፈጡበት ማን ይንገረው።

ጉንዳኖቹ መንገድ ሲቀይሩ ምስማር ጎንበስ ብላ ቀዳዳውን አገኘች። ዛሬ በምሳ ሰዓት አድፍጣ ጠበቀች። የመጣችው የገዛ ጓደኛዋ ሆነች።

«አባቴ ነው» አለች ፍሬን በመጨረሻ። «እምቢ ስለው...» እጅጌዋን ሰበሰበች። የሞተር ቺንጋ፣ ጥርሳሙ የጎማ ቀበቶ፣ ክንዷ ላይ ጥርስ በጥርስ ታትሟል። ጣቶቿን አሲዱ ልጧቸዋል።

ምስማር የመታችበት እጇ ከበዳት።

ተማሪ ደም አይቶ ዝም አይልም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱም ዳይሬክተሩ ፊት ተቀመጡ፤ መካኒኩም ግራሶ በነካካው እጁ መጣ።

«ይቺ ዱርዬ ልጄን ፈነከተችብኝ። ዛሬውኑ ትባረር» አለ።

ዳይሬክተሩ ወደ ፍሬን ዞሩ። «ለምንድን ነው የመታችሽ?»

ፍሬን አባቷን አየች። «ዝም ብላ ነው። ምንም ሳላደርጋት።»

ዓይን ያወጣ ውሸት። የምስማር ደም ፈላ። «አሲድ ስታፈስ ያዝኳት» ብትል ትድናለች፤ ማታ ግን ቺንጋው ፍሬን ላይ ያርፋል። ዝም ብትል ትባረራለች፤ ዛፉም ወሩን አይዘልቅም። አንድ ትንፋሽ ሳበችና እስኪያልቅ ለቀቀችው።

«መምታቴ ጥፋት ነው» አለች። «ዛፉ ላይ አሲድ ያስፈሰሱት ግን እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። የእሷ እጅ ለእርስዎ እንደ ጀሪካኑ ነው። » ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «እጇንም ክንዷንም ይዩላት፣ ቲቸር።»

መካኒኩ ምስማርን ትቶ ልጁን በጥፊ መታት፤ ከነወንበሯ ተገለበጠች። «ምን ነገርሻት?» ሁለተኛውን ሲሰነዝር ምስማር መሃል ገባች፤ ጥፊው ጆሮዋ ላይ አረፈ። ጣቶቿ ተጨብጠው ነበር፤ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ዱላ ልጅ ያቀናል የሚል ሰው ያንን ክፍል አላየም። ዳይሬክተሩና ጩኸት ሰምቶ የገባው ዘበኛ ተጋግዘው ሰውየውን ግድግዳ ላይ አጣበቁት።

ፍሬን ከወለሉ ሳትነሳ፣ «አምስት ቀን አፍስሻለሁ» አለች። «ቀዳዳውን የበሳው እሱ ነው።»

ፖሊስ ተጠርቶ መካኒኩን ወሰደው። ምስማርም በነፃ አልወጣችም፤ ባትባረርም ለሁለት ሳምንት ታገደች። አልተከራከረችም።

ሲወጡ ፍሬን ከንፈሯን በመሐረብ ይዛለች። «ይተርፋል?»

«እንጃ። ዘበኛው አሲድ የነካውን አፈር እያወጣ ውሃ እያፈሰሰበት ነው።»

«ተቀይመሽኛል?»

«በጣም። አንቺስ?»

«ጥርሴ እየተነቃነቀ ነው፣ ባክሽ።»

ምስማር የጓደኛዋን ቦርሳ ወስዳ በራሷ ቦርሳ ላይ ደረበችው። «መጀመሪያ ለጣትሽ ክሊኒክ፤ ከዚያ እኛ ቤት። እናቴ ትሰድበናለች፤ እንሰደባለን። ጋራዡ ዛሬ አትገቢም።»

ፍሬን መንገዱ ላይ ቆመች፣ ወደ ጋራዡ በር አየች፣ ከዚያ ተከተለቻት።