ከማግኔቱ ውጭ የቀረው ክር

እኔ በሙያዬ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፣ ድምፅ ከሽቦና ከማግኔት እንጂ ከሌላ ቦታ ይመጣል ብዬ አላውቅም፣ ጓደኞቼ ስለ ጋኔንና ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ «መጀመሪያ ፊውዙን አይታችኋል?» እያልኩ የማሾፍ ሰው ነበርኩ፣ እና ይህን የምነግርህ አምኜበት ሳይሆን እስከ ዛሬ ስላልገባኝ ነው።

ጊዜው ደርግ ነው፣ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ በሚባለው ሰፈር በነበረ አንድ የቀበሌ አዳራሽ የኪነት ቡድናችን ለአብዮት በዓል ይለማመዳል፣ ቤዝ ጊታር የምጫወተው እኔ ነኝ። ጊታሩን አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ትቶልን ነው የሄደው፣ ባለ አምስት ክር ነው፣ በዚያ ዘመን የምናውቀው ባለ አራቱን ስለነበር እንደ ብርቅ ነበር የምናየው። በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ፒክአፑ ተበላሸ። ፒክአፕ ማለት ከክሮቹ ስር ተቀምጣ ንዝረታቸውን ወደ ማጉያው የምትልክ ማግኔት ናት፣ እሷ ከሌለች ጊታሩ እንጨት ነው። የቡድኑ ኃላፊ የነበረው ካድሬ የመንግሥት ንብረት ሆን ተብሎ ነው የተበላሸው አለ፣ እንግዲህ በዚያ ጊዜ «አሻጥር» የምትባለው ቃል ሰው ላይ ስታርፍ ምን እንደምታመጣ አንተም ታውቀዋለህ።

ከዕቃ ክፍሉ ውስጥ፣ ከተሰባበሩ ጊታሮች ላይ ሁለት ፒክአፕ አገኘሁ። አንዷ ቀላልና ጩኸታም ናት፣ ሁለተኛዋ ከበድ ያለች፣ ድምጿ ከደረት የሚወጣ ዓይነት። ሁለቱም ግን ለአራት ክር የተሰሩ ስለሆኑ ወፍራሙ አምስተኛ ክር ከማግኔቱ ውጭ ይቀራል፣ ብትመታውም በማጉያው አይሰማም። ከባዷን መረጥኩ፣ ሽቦዋን በየድኩ፣ አራቱ ክሮች አማረባቸው፣ አምስተኛው እንደጠበቅኩት ዲዳ ሆነ።

በማግስቱ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ገና በመስኮት እየገባ፣ ዘፋኟ ምሕረት ዘፈኑን መሃል ላይ አቋረጠችና «ወፍራሙ ክር ጥሩ ነው፣ ግን እኔ ስዘፍን ቀንሰው» አለችኝ። አልነካሁትም አልኳት። እንደገና ጀመርን፣ አሁን እኔም ሰማሁት፣ ሦስት ድምፅ፣ ዝቅ ያለ፣ ቀስ ያለ፣ ሦስተኛው ረዘም የሚል። ክሩን በመዳፌ ጨብጬ ያዝኩት፣ አይንቀሳቀስም፣ ድምፁ ግን አለ። በፒንሳ ቆረጥኩት፣ አሁንም አለ። ማጉያው የሬዲዮ ጣቢያ ጠልፎ ይሆናል ብዬ ገመዱን ነቀልኩ፣ ማጉያውን አጠፋሁ፣ ቀይ መብራቱ ሲጠፋ በዓይኔ አየሁ፣ እመነኝ፣ ሦስቱ ድምፅ አንድ ጊዜ ደግሞ ተሰማና አቆመ። ምሕረት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በሩ ላይ የአዳራሹ ጥበቃ ጋሽ ሻንካ ቆመዋል፣ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ባለችው ዶርዜ ተወልደው ያደጉ፣ ነገር የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ ይሄን ዜማ ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

የተጫወትኩት እኔ አይደለሁም ብላቸው የሰሙኝም አይመስሉም። እርሳቸው እንዳሉት፣ በሰፈራቸው ሰው ሩቅ ሆኖ ሲፈለግ አባቶች ኮረብታ ላይ ወጥተው «ወደ ቤት ና» እያሉ የሚጠሩበት ዜማ ነው። ቤት አንድ ነገር ሆኗል ብለው በዚያው ወደ ተራራው ወጡ።

እኔ ከባዷን ነቅዬ ጩኸታሟን ገጠምኩ፣ በዓሉም በሰላም አለፈ፣ ካድሬው ከፊት ተቀምጦ አጨበጨበ፣ የአሻጥሩ ወሬም በዚያው ቀረ።

ጋሽ ሻንካ የተመለሱት በበዓሉ ማግስት ነው። ቤተሰብ ደህና እንደሆነ ጠየቅኳቸው፣ ሁሉም ደህና ነው አሉኝ፣ ፊታቸው ግን የደህና ሰው ፊት አልነበረም።

«እኔን ማንም አልጠራኝም» አሉ። «ቤተሰቦቼ ናቸው በዚያው ዜማ ከታች፣ ከአርባ ምንጭ በኩል ተጠራን ብለው ደጅ ተሰብስበው የጠበቁኝ። ማን ነው የጠራን ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

ያንን ጊታር ከነሽቦው ከእኔ በላይ የሚያውቀው ሰው አልነበረም፣ እርሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ መልስ ከእኔ እየጠበቁ ቆመው ቀሩ። ዛሬም ቢሆን የደንበኛ ሬዲዮ ጠግኜ ካጠፋሁ በኋላ ወዲያው አልነሳም፣ ትንሽ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ፣ ምን እንደምጠብቅ ግን ብትጠይቀኝ አላውቅም።